ለብርጭቆ የሚሆን ሁሉ ለፊት አይሆንም

ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል በየማለዳው አዲስ አበባ የሚገባ ወጣት የታክሲ ሰልፉን የሚገፋው ስልኩን እያየ ነው። ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንድ "ተዓምር" ሳያገኝ አይውልም። ግማሽ ሎሚ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ማር፣ ከዚያ "በ7 ቀን ፊታችሁ ጥርት ይላል!" የሚል ጽሑፍ። ከሥሩ ያለው አስተያየት "ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ" በሚሉ ሰዎች ይሞላል።

መሞከራቸው አይገርምም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ብዙ ወጣት የሚኖረው የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽቶ ነው። ደመወዙ በኪራይና በትራንስፖርት አልቆ ለክሬምም ለጁስም የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጓዳ ያለው ማር፣ ተልባ፣ አጃና ቅቤ ግን በእጅ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እውነትም ይሠራሉ። የሚያሳስበው ደግሞ ቪዲዮዎቹ የሚጠጣውንና የሚቀባውን አንድ ላይ ቀላቅለው ማቅረባቸው ነው። ሆድ የሚችለውን ሁሉ ቆዳ አይችልም።

"ተፈጥሮ ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል?"

ይህን አባባል ሳትሰሙ አትቀሩም። መልሱን እንዶድ ይሰጠናል። እንዶድ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረ፣ አረፋው ከሳሙና የማያንስ የአገራችን ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚያዛምቱት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያ ምልከታ ወደ ትልቅ ምርምር አድጎ እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

እንዶድ መቶ በመቶ ተፈጥሮ ነው። ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ሰው ቢጠጣው ደግሞ ይመርዛል። ስለዚህ የሚጠየቀው "ተፈጥሮ ነው ወይ?" ሳይሆን "ለምን? በምን ያህል? የት ላይ?" ነው።

መጀመሪያ ውሃውን

የቤት ውስጥ መጠጥ ሁሉ የሚጀምረው ከውሃ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ቀናት ይቆያል። ለብርዝም ሆነ ለተልባ ካዋላችሁት በፊት አፍሉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሱሉልታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ሦስቱም ከተሞች ከዚያ በላይ ናቸው። ማፍያ ከሌለ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መጠቀም ይቻላል።

አምስት ቀላል መጠጦች

*ተልባ።* ተልባውን ቆላ አድርጋችሁ ውቀጡት ወይም ፍጩት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለሁለት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይለጋል። ያ ልጋግ የሚሟሟ አሰር ነው፣ ሆድ ለደረቀበት ሰው ጥሩ እረፍት ይሰጣል። ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ፦ በደንብ በውሃ ይቅጠን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ተልባና ኪኒን አብሮ አይዋጥ። ልጋጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ስለሚችል ቢያንስ የአንድ ሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል።

*በሶ።* የሱሉልታን አስፋልት በማለዳ የሚሮጡ አትሌቶችን ያየ ሰው የጉልበት መጠጥ የሚባለው ነገር ከውጭ ብቻ እንደማይመጣ ይገባዋል። የተቆላ ገብስ ዱቄት ሦስት ወይም አራት ማንኪያ፣ ውሃ፣ ትንሽ ማር ወይም ስኳር፣ ቁንጥር ጨው። ሃይላንድ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ ነው። በሶ ብጥብጥ ማንደጃም ሆነ ፍሪጅ አይፈልግም፣ ቁርስ ሳይበላ ለሚወጣ ተማሪም ምሳ ሰዓት ድረስ ያቆያል።

*ብርዝ።* አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ በርዙና አጥሉት። በዚያው ቀን ጠጡት። ካሳደራችሁት እርሾ ሥራውን ይጀምራል፣ ጌሾ ባይገባበትም ወደ አልኮል ጉዞ ላይ ነው። "ማር ስለሆነ ስኳር የለውም" የሚለው ግን ልክ አይደለም። ማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ማርም ብርዝም ፈጽሞ አይቀምስም፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ ለሕፃን ሆድ አደገኛ ነው።

*የሱፍ ውሃ።* ፆም ሲመጣ ወተትን የሚተካው እሱ ነው። ሱፉን ቀቀል ወይም ቆላ አድርጎ መውቀጥ፣ ለብ ባለ ውሃ ማሸት፣ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል። ነጭ፣ ቅባት ያለው መጠጥ ይወጣዋል። ፍሪጅ ከሌላችሁ ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ።

*አብሽ።* ዱቄቱን አሳድሩት፣ መራራውን ውሃ ከላዩ ድፉ፣ እስኪነጣና አረፋ እስኪያወጣ ምቱት፣ ከዚያ ማርና ውሃ ጨምሩበት። አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ የማድረግ ባህርይ አለው። ለጤነኛ ሰው ይህ ችግር የለውም። የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ግን ሁለቱ ተደምረው ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርዱት ስለሚችሉ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡርም አብሽን እንደ መድኃኒት አብዝታ አትጠጣ።

እግረ መንገዳችንን ስለ ወተት አንድ ቃል። ሱሉልታና ወደ ሰላሌ ያለው አገር የወተት አገር ነው፣ ከላም ባለቤት በቀጥታ መግዛትም የተለመደ ነው። ጥሬ ወተት ግን ብሩሴሎሲስንና የከብት ነቀርሳን ወደ ሰው ሊያመጣ ይችላል። ለሻይም ሆነ ለእርጎ አፍልታችሁ ተጠቀሙ።

ሎሚ፦ ከብርጭቆ ወጥቶ ፊት ላይ ሲወጣ

ሎሚ በሻይ፣ በውሃ፣ በዝንጅብል፣ በፌጦ ላይ ቦታው ነው። ፊት ላይ ግን ሁለት ነገር ያደርጋል።

አንደኛው አሲዱ ነው። የአሲድነት መለኪያ በሆነው ፒኤች ሎሚ 2 አካባቢ፣ ጤነኛ ቆዳ ደግሞ 5 አካባቢ ነው። የ3 ቁጥር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ ሎሚው ከቆዳችን ሺህ ጊዜ ገደማ የበለጠ አሲድ ነው ማለት ነው። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ 8 አካባቢ ሆኖ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። ሁለቱም የቆዳውን የላይኛውን መከላከያ ያነሳሉ። ቪዲዮው ላይ "እየሠራ ስለሆነ ያቃጥላል" የሚባለው ቆዳው "ተጎዳሁ" እያለ ነው።

ሁለተኛው ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚመጣው ነው። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። ቃጠሎው ወዲያው ስለማይታይ ሰው ከሎሚው ጋር አያገናኘውም። ከአንድ ቀን በኋላ ይቀላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል። ሲድን ደግሞ ለሳምንታት፣ ለወራትም የሚቆይ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል።

አሁን ከፍታውን ጨምሩበት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። የሱሉልታ ብርድ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው ፀሐይ የበረታ ነው። ማታ ሎሚ ተቀብቶ በቅጡ ሳይታጠብ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ጥቁር ነጥብ ለማጥፋት ብሎ አዲስ ጥቁር ነጥብ ሊተክል ይችላል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ደግሞ ሲቆጣ ወይም ሲቆስል ጠቆር ያለ ምልክት የመያዝ ባህርይው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ኪሳራው በእኛ ይብሳል።

ከሎሚ ጋር ፊት ላይ የማይወጡ ሌሎችም አሉ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ብጉር ላይ ተለጥፎ ሲያድር እንደ እሳት ያቃጥላል። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው። በረኪና በየትኛውም "አቀጥኖ" ቢሆን ፊት ላይ አይነካም። ሎሚን ስትጠጡትም በውሃ አቅጥኑት፣ ከጠጣችሁ በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርሳችሁን ለመቦረሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ወዲያው መቦረሽ ይፍቀዋል።

ታዲያ ምን እንቀባ?

*አጃ።* ለአራስ አጥሚት የሚሆነው አጃ ለሚያሳክክና ለደረቀ ቆዳም ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በደንብ የላመ አጃን ቆዳን ከሚከላከሉ ነገሮች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንደ ዱቄት የላመ ሁለት ማንኪያ አጃ ለብ ባለ ውሃ ለንቅጠው፣ አሥር ደቂቃ ፊት ላይ አቆይተው፣ ሳያሹ መታጠብ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ብዙ ሰው የሚስማማው ይሄኛው ነው።

*ማር።* እርጥበትን ይይዛል፣ ለባክቴሪያም አይመችም። ስስ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ። ስኳር ቀላቅሎ ፊትን መፈተግ ግን ይቅር፣ ቅንጣቱ ይቧጥጣል። የቡና አተላም ለእግርና ለክርን እንጂ ለፊት ሻካራ ነው።

*እርጎ።* ስኳር ያልገባበት ተራ እርጎ ለስላሳ የላክቲክ አሲድ አለው፤ ከሎሚ ጋር የማይወዳደር፣ ገራም ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

*ሬት።* ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወርደው ቢጫ መራራ ፈሳሽ "እንደ ሬት መረረኝ" ያሰኘን እሱ ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ሲጠጣም ሆድ ያናጋል። ቅጠሉን አቁማችሁ ፈሳሹ እስኪወርድ ጠብቁ፣ እጠቡት፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ብርሃን የሚያሳልፍ ሙጫ ብቻ ተጠቀሙ።

*ቫዝሊን።* የቪዲዮ ድምቀት የለውም። ግን ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳችሁ እርጥብ እያለ ስስ ቫዝሊን መቀባት ለደጋው ብርድና ንፋስ ከብዙ ውድ ክሬም የሚስተካከል ነው። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ፊቱን ትቶ እጅና እግሩን ይቀባ።

አንድ ጊዜ ያዘጋጃችሁትን የፊት ውህድ አታስቀምጡ። ፍሪጅ በሌለበት የኪራይ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን የቆየ የማርና የእርጎ ውህድ የተህዋስ ማራቢያ ነው። የምትጠቀሙትን ያህል ብቻ ሥሩ።

ማዲያት ወይም ጥቁር ነጥብ ያለበት ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት ከፀሐይ ይጠበቅ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ጠንካራው ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ከተቻለ ባለ 30 ኤስፒኤፍ የፀሐይ መከላከያ። እናቶች ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ሳብ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።

ፀጉር፦ ቅቤና የጥብስ ቅጠል

ለጋ ቅቤ ፀጉርን አያበቅልም። የፀጉሩን ዘንግ ሸፍኖ እርጥበቱን ስለሚይዝ ግን መሰባበሩን ይቀንሳል። ሳይሰበር ሲቀር ደግሞ ረዝሞ ይታያል። የእናቶቻችን ዘዴ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ትኩስ ቅቤ ተጠቀሙ፤ የቆየ ሽታው አይለቅም። ግንባራችሁ ላይ ትናንሽ ብጉር ከወጣ ከላይ የሚወርደው ቅባት ሊሆን ስለሚችል ወደ ፀጉሩ ጫፍ ብቻ ቀቡት። ፎረፎር ያለበት ሰው ቅቤ የራስ ቆዳው ላይ ባያሳድር ይሻለዋል።

የጥብስ ቅጠል ውሃ አሁን የስልካችን ንጉሥ ነው። መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት፣ በዘር የሚመጣ የፀጉር መሳሳት ያለባቸው 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሹ የጥብስ ቅጠል ዘይት፣ ግማሹ ባለ 2 በመቶ ሚኖክሲዲል የተባለ መድኃኒት ተጠቅመዋል። በ3 ወር ሁለቱም ላይ ለውጥ አልታየም። በ6 ወር ግን ሁለቱም ተቀራራቢ መሻሻል አሳይተዋል። ልብ በሉ፦ ዘይቱ እንጂ የተቀቀለ ውሃው አይደለም፣ 6 ወር እንጂ 7 ቀን አይደለም። ውሃውን መሞከር ጉዳት የለውም፣ ተዓምር መጠበቅ ግን ይቅር።

የሠርግ ሰሞን የሚመጣ አንድ ነገርም አለ። እንሶስላና እውነተኛ ሂና ወደ ቀይ ወይም ቡናማ ነው የሚያቀሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚያደርግ "ሂና" ካጋጠማችሁ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ይህ ኬሚካል ቆዳን ውሃ ሊያስቋጥርና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊተው ይችላል።

ጢሱ ደስ ይላል፣ በሩ ይከፈት

ከወሎና ከራያ ወደ ከተማው የመጣው የወይባ ጢስ ገላን ያሞቃል፣ መዓዛውም ቀናት ይቆያል። ችግሩ ከወይባው ይልቅ ከሰሉ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ በብርድ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከሰል ላይ መቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን መጋበዝ ነው። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማችሁ "ሙቀቱ ነው" አትበሉ፣ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። በር ከፍቶ መታጠን፣ ብቻን አለመሆን፣ ከሰሉን ከመተኛት በፊት ከክፍሉ ማውጣት የግድ ነው።

ስም የሌለው ብልቃጥ

ከሁሉም የከፋው ግን ከጓዳ አይመጣም። ቴሌግራም ላይ "በእጅ የተሠራ"፣ "ቅልቅል"፣ "ተፈጥሯዊ ማቅያ" እየተባለ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው ክሬም ነው። ስም የለውም፣ የተሠራበት ቀን የለውም፣ ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈበትም። በእንዲህ ዓይነት ማቅያ ክሬሞች ውስጥ በየአገሩ የሚገኙት ሦስት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ ሃይድሮኪኖን፣ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ጠንካራ ስቴሮይዶችና ሜርኩሪ።

ስቴሮይዱ መጀመሪያ ላይ ያስደስታል። ብጉሩ ይጠፋል፣ ፊት ይለሰልሳል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ በእጥፍ ይቆጣል። ሰውም "ክሬሙ ስላለቀ ነው" ብሎ መልሶ ይገዛል። ሜርኩሪው ኩላሊትን ይጎዳል፣ ከተቀቢዋም አልፎ አብሯት ለሚተኛ ሕፃን ይተርፋል። ለዚህ ነው የሚናማታ ስምምነት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች ከ2025 በኋላ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገርም እንዳይገቡ የወሰኑት። በአገራችንም መዋቢያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር ሥር ነው። ስም የሌለው ብልቃጥ ግን በማንም እጅ አላለፈም።

እንዲህ ያለ ክሬም ለወራት የተጠቀመ ሰው በአንድ ቀን አቁሞ ቤቱ አይቀመጥ፤ ብልቃጡን ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። ከሰበታ መስመር ለሚመጣ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ማፈር አያስፈልግም፣ ሐኪሞቹ ይህን በየጊዜው ያያሉ።

ከመቀባታችሁ በፊት

ማንኛውንም አዲስ ነገር መጀመሪያ ክርናችሁ ውስጠኛ በኩል ትንሽ ቀቡና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ካቃጠለ፣ ካሳከከ ወይም ከቀላ ለፊት አይሆንም። ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚያስተምረኝ ሰው የሚሸጥልኝ ነገር አለው? የሚገባልኝ ቃል በቀን ተቆጥሯል? "ያቃጥላል፣ ግን ቻሉት" ይላል? አንዱ እንኳን "አዎ" ከሆነ ጣታችሁን ወደ ላይ አንሸራትቱና እለፉት።

ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የምንጠራው መልክ በሰባት ቀን የሚለወጥ ነገር አይደለም፣ መለወጥም አያስፈልገውም። አጃውን ለንቅጡ፣ በሶውን በጥብጡ፣ ጃንጥላችሁን ያዙ። ሎሚውን ደግሞ ሻይ ውስጥ ጨምቁት፤ እዚያ ሲሆን ማንንም አያቃጥልም።